የማርቆሷ የጾም ቤት፦ ሽሮዋ አንደኛ፣ ደብተሯ እስክሪብቶ አልነበራትም

እሺ ይሄን ሪቪው ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ግን ስለ ምግቡ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ሁሌ ወሬው ይቀድመኛል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ደባልቄ ነው የምጽፈው፣ ምግብ ብቻ የፈለገ እየዘለለ ያንብብ። ቤቷ ደብረ ማርቆስ ነው ያለችው። ስሟን አልጠራም፣ ወቀሳ አለኝ፣ ባለቤትየዋን ደሞ እወዳታለሁ። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ በረንዳዋ ላይ ከእንጅባራ የመጡ ሦስት የቀርከሃ ወንበሮች፣ ጣሪያዋ ላይ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ዲሽ። የማርቆስ ልጅ ከሆናችሁ በቃ አወቃችኋት።

መጀመሪያ የገባሁት ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ሰኞ ማታ ነው፣ የገና ዋዜማ። ከተማው በሙሉ በግ ይጎትታል፣ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ እኛ ግን ጾሙ ገና አልተፈታምና የጾም ቤት ፍለጋ ላይ ነበርን። እኛ ስል እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። እሷ በርሚንግሃም ነው የምትኖረው፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ ለገና ብላ መጥታ ነው። በርሚንግሃም ነው ብላ ብላ ታክቷት ተወችው እንጂ ዘመድ በሙሉ የሚጠራት "የሎንዶኗ" ብሎ ነው።

በያይነቱ ለሁለት አዘዝን፣ 180 ብር ነበር ያኔ። እንጀራው ነጭ ጤፍ ነው፣ ዓይኑ የደረሰ፣ ስትጠቀልለው የማይቆራረጥ። ሽሮው... ስለ ሽሮው ብቻውን አንድ ገጽ መጻፍ ይቻላል። ባለቤትየዋን ሁሉም ሰው እታለም ነው የሚላት፣ ሽሮውን ቆልታ ቅመሙን ቀምማ የምታስፈጨው ራሷ ናት፣ ወጥ ሰሪ ሦስት ጊዜ ቀይራለች አሉ፣ ሽሮው ግን ያው ነው፣ ምክንያቱም ዱቄቱ የሷ ነው። ስልጆው አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ሰናፍጭ አለው፣ ደስ ይላል። ድንቹ ደህና ነው። ጎመኑም ደህና ነው። ሰላጣው ግን፣ ኧረ ሰላጣው። ጠዋት ተቆርጦ ማታ የቀረበ፣ ሎሚ የበዛበት፣ ትሪው ጥግ ላይ ተኮራምቶ የተኛ ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ አንድ ቅጠል በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና ሳቀች። "ይሄ እንኳን አያሸንፍም" አለች። ምኑን ነው የሚያሸንፈው ስላት ያንን የሰላጣ ታሪክ አመጣችው። ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ እንግሊዞች በነሱ አቆጣጠር በ2022 ሊዝ ትረስ የምትባል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረቻቸው፣ ሴፕቴምበር 6 ገባች፣ 23 ላይ ትልቅ የታክስ ቅነሳ ያለበት ሚኒ በጀት አወጣች፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ነው፣ ገበያው ደነገጠ፣ ፓውንድ ከዶላር ጋር ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወረደ፣ የቤት ብድር ወለድ ሽቅብ ወጣ። ዴይሊ ስታር የሚባል ጋዜጣ ደሞ አንድ ራስ ሰላጣ ገዝቶ ካሜራ ፊት አስቀመጠውና ማን ቀድሞ ይጠወልጋል፣ እሷ ወይስ ሰላጣው ብሎ ላይቭ ማሳየት ጀመረ፣ ዊግ ሁሉ አድርገውለት። ሰላጣው አሸነፈ። ሴትዮዋ 49 ቀን ቆይታ ወጣች። "አንቺ ትስቂያለሽ፣ የኔ የቤት ብድር ግን የታደሰው በዛ ሰሞን ነው" አለችኝ፣ እሷም እየሳቀች።

አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጡረተኛ ነበሩ፣ ሰፈሩ ቲቸር ይላቸዋል፣ የሚጠጡት ሻይ ብቻ ነው፣ ወሬ ሲሰሙ ወንበራቸውን ነው የሚያዞሩት። አዞሩት። ከሳቸው ጀርባ አንድ የባጃጅ ሹፌር የማንቼ ማልያ ለብሶ በቁጣ ሽሮ እየበላ ነው፣ በቁጣ የምለው በቀደመው ቀን ከሊቨርፑል ጋር 2 ለ 2 ወጥተው በአቻው የሚናደድ ሰው ስለማውቅ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ ድምፁ ተዘግቶ ዜና ያሳያል። ያን ማታ የካናዳው ትሩዶ እለቃለሁ ያለበት ማታ ነው፣ ፎቶው ሲመላለስ የባጃጁ ልጅ "ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?" አለ፣ ቲቸር "ሰለቹት" አሉ፣ በቃ ከዛ በኋላ ምግቡ ቀርቶ ወሬው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ለካ በኖቬምበር አንድ ፔቲሽን (የሕዝብ አቤቱታ) ላይ ፈርማለች፣ ምርጫ ይደገም የሚል። ቆይ፣ ምርጫ እኮ ያደረጋችሁት ገና ጁላይ 4 2024 ነው አልኳት። "አዎ፣ ሌበር ፓርቲን የመረጥኩትም እኔ ነኝ" አለች። ከዛ በፊት 14 ዓመት ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ገዝቷቸዋል፣ በነዚያ ዓመታት ብቻ አምስት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ካሜሮን፣ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ። ሱናክ ምርጫውን የጠራው እንኳ ደጅ ቆሞ ዝናብ እየደበደበው ነው፣ ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው ጠፍቶ። ሰው መረረው፣ ሌበርን አስገባ፣ ኪር ስታርመር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ከዛ ወር ሳይሞላው ለሽማግሌዎች የሚሰጠውን የክረምት ማሞቂያ ገንዘብ ከአብዛኛው ሰው ላይ እናነሳለን አሉ፣ 10 ሚሊዮን አካባቢ ጡረተኛ ማለት ነው። እሷ ደሞ የምትሰራው ከሽማግሌዎች ጋር ነው። "አንዷ አሮጊት በኮቷ ነው የምተኛው አለችኝ፣ እኔ ነኝ እንግዲህ የመረጥኳቸው" አለች፣ እዚህ ጋ ሳቋ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ደሞ ስታርመር ከአንድ ባለሀብት ልብስና መነጽር ሳይቀር በስጦታ ተቀብሏል የሚል ዜና ወጣ፣ የተወሰነውን ስጦታ ዋጋ ኋላ መለሰ፣ ግን ሰው ከአፉ አላወጣውም።

በርሚንግሃም ደሞ ለብቻው ነው። ካውንስሉ ያኔ የሌበር ነበር፣ በሴፕቴምበር 2023 ገንዘብ አለቀብኝ ብሎ አወጀ፣ እንግዲህ በነሱ አገር ማዘጋጃ ቤት ይከስራል፣ በ2024 የቤት ግብሩን ወደ 10 ፐርሰንት ጨመረባቸው። ቤተ መጻሕፍት ይቀነሳል፣ የመንገድ መብራት ይደበዝዛል፣ ግብሩ ግን ይጨምራል። ይሄን ስትናገር እታለም ራሷ መጥታ ቆማ ሰማች፣ "ታዲያ እኛን ምን ለየን?" ብላ ሄደች። ሰሃን ግን አላነሳችም።

ቲቸር የገረማቸው ሌላ ነገር ነው። ፔቲሽኑን የጀመረው ማነው ሲሉ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው አለቻቸው። አዎ፣ አንድ የፐብ ባለቤት ነው የጀመረው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ፣ ኢሎን መስክም አራገበው። ቲቸር ወደ እታለም ዞረው "ሰማሽ? ባለ መጠጥ ቤት ነው፣ አንቺ ሽሮ ታማስያለሽ" አሏት። "ጠላ ቤት ያላት እህቴ ናት፣ ለሷ ንገሯት" አለች።

"እና እንዴት ነው የሚፈረመው?" ቲቸር ናቸው። የፓርላማው ድረ ገጽ ላይ ስምሽን፣ ኢሜልሽን፣ የሰፈርሽን ፖስት ኮድ ታስገቢያለሽ፣ 10 ሺህ ሰው ከፈረመ መንግሥት መልስ ይጽፋል፣ 100 ሺህ ካለፈ ፓርላማ ውስጥ ለክርክር ይታያል። ቲቸር ሻዩን አስቀመጡ። "ስምሽን ጻፍሽ?" አዎ። "ያንቺን ስም? የሰፈርሽን ቁጥር?" አዎ። "መንግሥት ይውረድ ብለሽ?" ምርጫ ይደረግ ነው የሚለው አለች። "እና ማታ ቤትሽ ተኛሽ?" አሉ ቲቸር። የአክስቴ ልጅ መለሰች፣ "ቲቸር፣ ፈርሜ ልብስ አጥቤ ነው የተኛሁት።" ቤቱ ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። ቆይተው ለኔ ብቻ ቀስ ብለው "2 ሚሊዮን ሰው ስሙን ጽፎ" አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እሷ የመጣችው መልሱ እምቢ ነው ብላ ልታማርር ነው፣ እሳቸው ገና ፊርማው ላይ ናቸው።

የመንግሥት መልስ እምቢ ነው በአጭሩ፣ ተመርጠናል ስራችንን እንሰራለን ነው። ሕጉም ከነሱ ጋር ነው፣ ፓርላማው 5 ዓመት አለው፣ ከዛ በፊት ንጉሡን በትነው ብሎ የሚጠይቀው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቻ ነው፣ ቀጣዩ ምርጫ እስከ ኦገስት 2029 ድረስ ሊቆይ ይችላል። በፊት በ2011 የወጣ የምርጫ ጊዜን የሚቆልፍ ሕግ ነበራቸው፣ በ2022 ሻሩት። በ2019ም ብሬግዚት፣ ማለትም ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቱ፣ ይሰረዝ የሚል ፔቲሽን ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሞበት ምንም አልሆነም፣ ወጡ።

የባጃጁ ልጅ እዚህ ጋ ገባ፣ ሲጠብቅ ነበር። "እኛም እኮ ቴን ሃግ ይባረር ስንል ከረምን፣ ኦክቶበር ላይ ተባረረ፣ አሞሪም መጣ፣ ታዲያ ኳሱ ያው ነው፣ ችግሩ አሰልጣኝ አይደለም ባለቤቱ ነው" አለ። የአክስቴ ልጅ ጣቷን ቀሰረችበት፣ ይሄ ልጅ ገብቶታል አለች። ለካ እዛም ሰው የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ሌበርም ኮንሰርቫቲቭም ማልያ ነው የሚቀይሩት የሚል። ስለዚህ ሰዉ ሪፎርም ወደሚባለው የናይጄል ፋራጅ ፓርቲ እየሄደ ነው፣ ሌላው ወደ ግሪን ፓርቲ፣ እሷ የትም አልሄደችም፣ "ፋራጅ ስደተኛ በዛ ነው የሚለው፣ እኔ ምኔን ይዤ ነው የምመርጠው?" ትላለች። ይገባኛል። ቆይ ደሞ የሚያስቅ ነገር፣ ፋራጅን ሲያራግብ የከረመው መስክ ልክ በዋዜማው እሁድ ይሄ ሰውዬ አይሆንም፣ ሪፎርም ሌላ መሪ ያስፈልገዋል ብሎ ጻፈበት።

ቁጥሩን ስትነግረን እኔ ራሴ አላመንኳትም ነበር፣ ኋላ አይቼ ነው ያመንኩት። ሌበር ያገኘው ድምፅ 33.7 ፐርሰንት ነው፣ ከ650 ወንበር ግን 411 ወሰደ። ሪፎርም 14.3 ፐርሰንት አግኝቶ 5 ወንበር፣ ሊብ ዴም የሚባለው ፓርቲ ከሱ ያነሰ፣ 12.2 አግኝቶ 72 ወንበር። ድምፅ የሰጠውም ከተመዘገበው ሰው 60 ፐርሰንት አካባቢ ነው። የባጃጁ ልጅ "ይሄማ ቫር ያስፈልገዋል" አለ። ቲቸር ግን በእርጋታ፣ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል፣ የኛም ሕግ እኮ ያው ነው፣ አታውቁም እንጂ አሉ። የሳቸው ተማሪ ብሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ከዛ ቀጥለው እንግሊዝን ማርቆስ በደንብ ያውቃታል፣ በ1933 ጃንሆይ ከእንግሊዞቹ ጋር ሆነው የገቡት በዚሁ መንገድ ነው፣ እነዚሁ ሰዎች ናቸው ቸርችልን ጦርነቱን አሸንፎ ሲመጣ በምርጫ የጣሉት፣ የነሱ ሕዝብ ውለታ አያውቅም አሉ። የአክስቴ ልጅ "ውለታ ሳይሆን ሂሳብ ነው ቲቸር" አለቻቸው።

አንድ የጎዛምን ገበሬ ጥግ ላይ ነበሩ፣ እስከዛ ዝም ብለው ሲሰሙ የቆዩ። የአክስቴ ልጅ ገበሬዎቹ ትራክተር ይዘው ሎንዶን መሀል ገብተው ሰልፍ ወጡ ስትል ቀና አሉ። በ2024 መጨረሻ ነው፣ መንግሥት የእርሻ መሬት ውርስ ላይ ታክስ ሊጥል ነው ብለው፣ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለሆነው 20 ፐርሰንት። አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ስንት ነው አሉ። ከ150 ሚሊዮን ብር በላይ ነው አልናቸው። ሰውዬው አሰቡ አሰቡና "እንግዲያማ ይክፈል!" አሉ፣ ትራክተር ነድቶ የመጣ ሰው ምን ቸገረው ብለው ወደ ሽሯቸው ተመለሱ። (ኋላ መንግሥት ጫናው ሲበዛበት ጣሪያውን ከፍ አድርጎታል፣ ለሳቸው የሚነግርልኝ ካለ።)

አሁን ወደ ወቀሳዬ። ግድግዳው ላይ በክር የተንጠለጠለ ደብተር አለ፣ "አስተያየትዎን ይጻፉልን" ይላል፣ ሽፋኑ ላይ የአበባ ስዕል አለበት። ስለ ሰላጣው ልጽፍ ተነሳሁ፣ እስክሪብቶ የለም። አስተናጋጇን ጠየቅኳት፣ "ሂሳብ ላይ ነው" አለችኝ። ሂሳብ ላይ ስሄድ "አስተናጋጇ ጋ ነው"። ደብተሩን ገለጥኩት፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም "መልካም አዲስ ዓመት" ይላል፣ ከዛ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው። ለአክስቴ ልጅ ስነግራት "እኛ ቢያንስ እስክሪብቶው አለን፣ አንባቢው ነው የጠፋው" አለች። ሌላው ወቀሳ እጅ መታጠቢያው ነው፣ ውሃው ሲጠፋ ጀሪካን አለ ግን ጀሪካኑን የሚያዘነብልልሽ ሰው ፈልጊ። ሦስተኛ፣ ድመቷ። ከጠረጴዛ ስር እግርሽ ላይ ትወጣለች፣ ጾም ላይ ምን ልታገኝ እንደሆነ እንጃ። የአክስቴ ልጅ ግን ወደደቻት፣ የነሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤት፣ ዳውኒንግ ስትሪት 10 ቁጥር ውስጥም ላሪ የሚባል ድመት አለ፣ አይጥ ያዥ ተብሎ ከ2011 ጀምሮ ነው ያለው፣ ከካሜሮን እስከ ስታርመር ስድስቱንም አይቷቸዋል፣ እሱን ነው መምረጥ ትላለች።

የዚያኑ ማታ ነበር ለካ የፔቲሽኑ ክርክር፣ በኛ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዌስትሚንስተር ሆል በሚባለው ክፍል። እናየዋለን ብላ ስልኳን ከፈተች፣ ሁላችንም ከበብናት፣ ገበሬው ሳይቀሩ። ተሽከረከረ። ተሽከረከረ። አንድ ሴኮንድ አረንጓዴ ነገር ያለበት ክፍል ታየና ቆመ። የባጃጁ ልጅ ደሞ እኔ ከመሸ አልነዳም፣ ትሄዳላችሁ አትሄዱም አለ፣ ያው ያን ሰሞን በጊዜ ነበር የሚገባው፣ ተነሳን። ሻዩን እታለም አላስከፈለችንም፣ የሰላጣውንም ነገር በቃሌ ነገርኳት፣ "ልክ ነሽ፣ ጠዋት ነው የተቆረጠው" አለች፣ ሌላ ምክንያት አልደረደረችም። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ አንብባ ነገረችኝ፣ ተከራከሩ፣ ድምፅ አይሰጥበትም፣ አለቀ።

ከዛ ወዲህ ሁለቴ ሄጃለሁ። አንዱ በሁዳዴ ነው፣ ሰው ሞልቶ ቆመን ጠበቅን፣ ሰላጣው ትኩስ ነበር፣ ስልጆው አልቆ ነበር። ያኔ የአክስቴ ልጅ ከበርሚንግሃም በቴሌግራም የቆሻሻ ፎቶ ነው የምትልክልኝ፣ የቆሻሻ ሰራተኞቹ ማርች 11 ላይ ሙሉ በሙሉ ስራ አቁመው መንገዱ ሁሉ ጥቁር ላስቲክ ሆኖ፣ እኔም ከማርቆስ ገበያ ጀርባ ያለውን አንስቼ ላክሁላት፣ የቱ የማን እንደሆነ ሰው እስኪጠፋው ድረስ። ሌላኛው ግንቦት 14 ነው፣ ማንቼ በዩሮፓ ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 በተሸነፈ ማግስት። የባጃጁ ልጅ ማልያውን አልለበሰም፣ የሰላምታውን እንኳ ግማሹን ዋጠው። ቲቸር "የሎንዶኗ እንዴት ናት?" አሉኝ። ሜይ 1 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ሪፎርም 677 የካውንስል ወንበር ወሰደ፣ ራንኮርን የሚባል ቦታ ደሞ የሌበርን የፓርላማ ወንበር በ6 ድምፅ ብልጫ ነጠቀው አልኳቸው። "በ6 ሺህ?" በ6 ቲቸር፣ ስድስት ሰው። በጣታቸው ቤቱ ውስጥ ያለነውን መቁጠር ጀመሩ፣ እኔን፣ ልጁን፣ እታለምን፣ አስተናጋጇን፣ ራሳቸውን፣ አንድ ጎደላቸው፣ ድመቷ ላይ ሲደርሱ ተዉት።

የአክስቴ ልጅ ስለ ስድስቱ ድምፅ ያለችው ሌላ ነው። ሌበር ካሸነፈኝ ልማር ብሎ እንደ ሪፎርም መናገር ጀመረ፣ አሁን ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነው ያለችው። ዳግም ፔቲሽን ቢመጣ ትፈርሚያለሽ ስላት "እፈርማለሁ፣ ምን አለበት፣ ሁለት ደቂቃ ነው" አለች።

እና ደብተሩ። እስክሪብቶ ታስሮለታል! በነጭ ክር፣ ክሩ አጭር ስለሆነ ግድግዳው ላይ ተደግፈሽ ነው የምትጽፊው ግን አለ። አንዱ "ጨው ይቀነስ" ብሏል፣ ከስሩ በሌላ እጅ "ጨው ይጨመር" ይላል። አንዱ "ቲቪው ድምፅ ይከፈትለት"፣ አንዱ "ማንቼ ይሸጥ"፣ ይሄን ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ የመምህር የሰሌዳ ጽሑፍ በሚመስል፣ "የሻይ ብርጭቆዎቹ ይቀየሩ፣ ጠርዛቸው ተሰባብሯል" የሚል አለ፣ ፊርማም ስምም የለውም። እታለምን አነበብሽው ወይ ብያት "ቲቸር ናቸዋ፣ ብርጭቆ ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ ይመጣል" አለችኝ።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ በያይነቱ በመጨረሻ ስሄድ 200 ገብቶ ነበር፣ ሽሮ ፈሰስ ብቻውን 120። ረቡዕና ዓርብ ከ6 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ ስልጆ አታገኙም። ቡና በጀበና አለ ግን እታለም ከእጇ ሌላ ሰው አታስነካም፣ እሷ ወጥ ላይ ከሆነች 40 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የያዝኩት ለእጅ መታጠቢያው ነው።